በጎሮ መሥመር የሠፈር ምልክት እንጂ መናፈሻ አልበዛም

በምሥራቅ አዲስ አበባ ወደ ጎሮ የሚያመራ ተሳፋሪ መውረጃውን የሚናገረው በመንገድ ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። ጃክሮስ ስሙን ያገኘው ከቤት አልሚ ድርጅት፣ አጎራባቹ ሲ ኤም ሲ ደግሞ መኖሪያዎቹን ከገነባው የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ነው። በመናፈሻ ስም የሚጠራ ፌርማታ ግን እምብዛም አይሰማም።

የከተማዋ 10ኛ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ሥፍራ፣ 30 በመቶው ለመንገድ፣ ቀሪው 40 በመቶ ለግንባታ እንዲውል ይደነግጋል። ቀድሞ በተገነባ ሠፈር ይህን ድርሻ ማሟላት አዳጋች ነው።

በ2017 ዓ.ም ሁለተኛው ምዕራፍ የኮሪደር ልማት የአንበሳ ጋራዥ-ጃክሮስ-ጎሮን መሥመር አካቷል። ይሁንና በአውራ ጎዳና ዳር የሚዘረጋ አረንጓዴ ሥፍራ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ለሚኖሩ ሕፃናት የኳስ ሜዳን አይተካም።