ከቃጠሎ በኋላ ስለሚቀረው ጥላሸት

ቤት በተቃጠለ ጊዜ ሰው የወደቀውን ጣሪያና የከሰለውን ወጋግራ አይቶ ጥፋቱን ይቈጥራል። ነበልባሉ ባልደረሰበት ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ጥላሸት ግን ለብዙ ዘመን የሚጐዳ መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው።

በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ኖትር ዳም የሚባለው የእመቤታችን ካቴድራል ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በምዕራባውያን ሰሙነ ሕማማት ሰኞ ማታ፥ ተቃጠለ። ከባሉጥ እንጨት የተሠራው ጣሪያና ሾጣጣው ጕልላት የለበሱት 400 ቶን ያህል እርሳስ ነበረ፤ ይኸውም በግለቱ ቀልጦ ትቢያው ከጥላሸቱ ጋራ በድንጋዩና በመስኮቱ መስተዋት ላይ ዐረፈ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሲገቡ ልብስ እንዲለውጡ፥ ሲወጡም ገላቸውን እንዲታጠቡ ታዘዘ፤ ጥንቃቄው አልበቃም በተባለም ጊዜ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ቆመ። የአገሩ መሪ ሕንጻው በ5 ዓመት እንዲያልቅ ቃል ሰጥተው ሳለ ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም የሠራተኛ ጤና ከቀጠሮ መቅደሙ የተገባ ነው።

ቤት በጢስ ሲጠቍር ብዙ ሰው አስቀድሞ ውኃና እራፊ ጨርቅ ይፈልጋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ጥላሸት ቅባት ስላለበት በውኃ ሲታሽ ወደ ድንጋዩና ወደ ምርጉ ጠልቆ ይገባል፥ በኋላም አይለቅም። በፓሪስ አስቀድመው ትቢያውን በሚስብ መኪና ሰበሰቡ፤ ቀጥለውም ላቴክስ የሚባለውን፥ ከጐማ ዛፍ ወተት የሚገኘውን ለጥ ያለ ነገር በግድግዳው ላይ ረጩ። በደረቀ ጊዜ እንደ ቆዳ ሲገፈፍ እድፉን ይዞ ወጣ። በውስጥ የጸዳው 42,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሥዕል ባለባቸው ጸሎት ቤቶች ግን በእጅ፥ ጥቂት በጥቂት ተሠራ፤ ከአዲሱ ጥላሸት በታች የቈየ እድፍም ስለ ነበረ ቀለሙ ከቃጠሎው በፊት ከነበረው ይልቅ ደምቆ ታየ። በጧፍና በዕጣን ጢስ የጠቈረ ሥዕል በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል የደብር አገልጋይ ቢኖር ይህን ልብ ይበል።

ታላቁን ኦርጋን እሳት አልነካውም፤ ነገር ግን ትቢያ ስለ ወረደበት ከ8,000 ያህል ቧንቧዎቹ አብዛኞቹ ተፈተው፥ ተጠርገው፥ እንደ ገና ተገጠሙ። ድምፁን ለማስማማት ጸጥታ ስላስፈለገ ሥራው በሌሊት ተደረገ። ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. የካቴድራሉ ደጅ በተከፈተ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን እንዲነቃ ጠሩት፤ እርሱም መለሰ።