የማሳን ስፋት በገመድ ለክቶ ዘርን ስለ መመጠን

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ያለ ማሳ እንደ ተማሪ ደብተር አራት ማዕዘኑ የተስተካከለ አይደለም። አንዱ ወሰን ገደል፥ ሌላው የድንጋይ ካብ ይሆናል፤ ሦስተኛው ወንዝ ተከትሎ ይጣመማል። ስለዚህ «ሁለት ጥማድ ነው» ማለት ለጎረቤት ይበቃል እንጂ ዘር ለመመጠን አይበቃም። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ጉልበት ይለያያል፤ አራቱን አንድ ሄክታር ብሎ መቁጠርም ግምት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ስሕተት ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ ተለክቶም ይሳሳታልና። ሁለቱ ረጃጅም ወሰኖቹ 100 ሜትር፥ ሁለቱ አጫጭሮቹ 60 ሜትር የሆነ፥ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ የገብስ ማሳ አለን እንበል። 100 በ60 ሲባዛ 6,000 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህ እውነት የሚሆነው ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ እንደሆነ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከሚቀራረቡት ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች መካከል ገመድ ዘርግታችሁ ማሳውን ለሁለት ሦስት ማዕዘን ክፈሉት። ከአንዱ ሦስት ማዕዘን ጫፍ ወደ 100 ሜትሩ ወሰን በቀጥታ ውረዱና ለኩ፤ በማሳችን 48 ሜትር ይሆናል። 100 በ48 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 2,400 ነው። ሁለተኛውም እኩል ስለሆነ ጠቅላላው 4,800 ካሬ ሜትር ነው።

«በቀጥታ» ያልነው በዓይን አይደለም። ገመድን በ12 እኩል ክፍል ቋጥራችሁ ጫፎቹን አጋጥሙ፤ 3፥ 4ና 5 ክፍል አድርጋችሁ በሦስት ካስማ ወጥሩት። በ3ቱና በ4ቱ መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። ልጃችሁ ይህን በትምህርት ቤት የፓይታጎረስ ደንብ ብሎ ተምሮታል፤ አባት ገመዱን ይያዝ፥ ልጅ ያስላ። ለማመሳከርም የከፈላችሁበትን ገመድ ለኩ፤ 80 ሜትር ነው። 60፥ 80ና 100 የዚያው የ3፥ 4ና 5 እጥፍ ስለሆኑ፥ 60 በ80 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል ያው 2,400 ይመጣል።

በሄክታር 125 ኪሎ ዘር ቢታሰብ ለ6,000ው 75 ኪሎ፥ ለእውነተኛው 4,800 ግን 60 ኪሎ ያስፈልጋል። ጎታ በሚጎድልበት በነሐሴ 15 ኪሎ ገብስ ቀላል ነገር አይደለም። ያውም ከልክ በላይ የተዘራው ተጨናንቆ ይበቅልና ይጋሸባል። ማዳበሪያም በዚያው ስሕተት በብድር ቢወሰድ ዕዳው በሩብ ይበልጣል።

የልማት ሠራተኞች በተለይ ተዳፋቱን አስቡ። ገመድ መሬት ለመሬት ተጎትቶ 50 ሜትር ቢሆንና ቦታው 14 ሜትር ቢወርድ፥ አግድም ርቀቱ 48 ሜትር ብቻ ነው፤ በካርታ የሚወጣውም ይህ ነው። ስለዚህ በገመድ የተለካውና በካርታ የወጣው ስፋት ቢለያይ፥ ጎረቤት ወሰን ገፋ ከማለት በፊት ገመዱ እንዴት እንደ ተያዘ ጠይቁ። ገመድም ሲርስና ሲደርቅ ርዝመቱ ይለዋወጣልና ጤዛው ከረገፈ በኋላ፥ በሜትር አመሳክራችሁ ለኩ።