መብራቱ ሲመጣ የአያቴ ድምፅ የለም!

ከጅማ ደዶ ለሠርግ ጨዋታ ሄጄ አያቴ ቤት አደርኩ። እንጉርጉሮዋን በአሮጌው ሳምፕለሬ ቀዳሁት። ቁልፉን ስጫን የገዛ ድምፅዋን ሰምታ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲመጣ መሣሪያው ባዶ! «እማዬ፣ በሌላ ጊዜ እንቀዳዋለን» አልኳት። ሌላ ጊዜ አልነበረም፤ በወሩ ቀበርናት።

የዱሮ ሳምፕለር የሚቀዳው ራም ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኮረንቲ ሲቋረጥ ሁሉን ይረሳል። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው አካይ ኤስ1000 እንኳ ሲሸጥ 2 ሜጋባይት ብቻ ነበረው፤ በሲዲ ጥራት፣ በሞኖ 24 ሰከንድ ቢይዝ ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ እንደቀዳችሁ ወዲያው ፍሎፒ ላይ «ሴቭ» አድርጉ። ፍሎፒም ይበላሻልና ሌላ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። የምትወዱትን ሰው ድምፅ ግን «ነገ» አትበሉት።