ስም የሌለው አስተያየት

የልጅ ልጄን እስክስታ ለማስተማር ስናስብ፣ እናቷ ስለ አሰልጣኙ በቴሌግራም የተጻፈ አነበበችልኝ፦ «ልጆችን ያመናጭቃል»። የጸሐፊው ስም የለም።

በጎንደር አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው ፊቱ ስለሚታይ ቃሉን ይመርጣል። በነርስነት ዘመኔ ግን ከአስተያየት ሳጥኑ የምናገኘው ጠቃሚ ወረቀት አብዛኛው ስም አልነበረበትም፤ ታማሚው ነገም የሚመጣው ወደ እኛው ነውና ይፈራል። ልጁን ለአሰልጣኝ የሰጠ ወላጅም እንዲሁ።

ስለዚህ ስም ቢቀር አይከፋም፤ መቼ፣ የት፣ ምን እንደተደረገ ግን ይጻፍ። ልጅ ከተጎዳ ደግሞ የሚኬደው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

እኛ ቅዳሜ ሄደን፣ ተቀምጠን አየን። ከእስክስታው በፊት የልጆቹን አንገትና ትከሻ ያፍታታል፤ የተሳሳተችውን በእርጋታ ያርማል። አስመዘገብናት። እናንተም ከማመናችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ።