የስድስት ኪሎ ልጆች የት ገቡ?

ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲወራ ወሬው ከሦስት ነገር አያልፍም፤ ስለ ግቢው፣ ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ስለ ወጡ ባለሥልጣናት። የስድስት ኪሎው ግቢ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። ትምህርቱ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በሉሲየን ማት መሪነት፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስም፣ በ33 ተማሪዎች መጀመሩ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መባሉ፤ ከአብዮቱ በኋላም የዛሬ ስሙን ማግኘቱ በየጊዜው ተጽፏል። ስለ ተማሪው እንቅስቃሴም መጻሕፍት ሞልተዋል። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው ከሁሉም ያነሰ የተነገረለትን ምሩቁን ነው። ጋዋኑን አውልቆ ከበሩ የወጣው ሰው ወዴት ሄደ? ምን ሠራ?

የምሩቃን ስም ዝርዝር በተዘጋጀ ቁጥር ሚኒስትሩና አምባሳደሩ ከላይ ይቀመጣሉ። ዲግሪውን ሳይይዝ የወጣውም ቢሆን ሥልጣን ላይ ከደረሰ አይረሳም፤ መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ መውረዳቸውን ያልሰማ የለም። ዝርዝሩ ግን ብዙኃኑን አያሳይም። ብዙ ሰው ከዚያ ግቢ ወጥቶ በየክፍለ ሀገሩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ አብዛኛው የሠራው መምህርነት ነው። ሕግ የሚያጠናውም፣ ምጣኔ ሀብት የሚያጠናውም ጠመኔ ይዞ ከገበሬ ልጆች ፊት ቆመ። በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ሽማግሌዎችን ሳነጋግር የአገልግሎት መምህራቸውን ስም እስከ አባት ስሙ ይነግሩኛል። ያ መምህር በየትኛውም የታዋቂ ምሩቃን ዝርዝር ውስጥ የለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። አገራችን ላይ አንድ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ፤ ሰው ከተማረበት ሙያ ወጥቶ ሌላ ሥራ ከያዘ ባክኗል ይባላል። ዘመድ ይጠይቃል፤ «ምን ነበር የተማርከው?» ይመልሳል። «አሁንስ ምን ትሠራለህ?» ይመልሳል። ከዚያ ከንፈር መምጠጥ ይከተላል። ይህ ከንፈር መጠጣ በስህተት ላይ የቆመ ነው። ስህተቱን ለማሳየት ከአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሙዚየሙ ከአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ወደ ስድስት ኪሎው ግቢ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ነው። በዚሁ ሙዚየም የምትቀመጠው የጥንት ሰው ዘር አጽም ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ ቡድኑን የመሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ዝናውም በአብዛኛው ለእነሱ ሄደ። ዛሬ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በሚጻፉ ጥናቶች ራስ ላይ የኢትዮጵያውያን ስም ይነበባል። ከእነዚህ ስሞች ጥቂቱን ወስዳችሁ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ብትጠይቁ ታሪክና ጂኦሎጂ የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ የተማሩትም በዚያው መንገድ ሁለት ጫፎች ላይ ነው።

ብርሃነ አስፋው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመርቀው ነው ወደ አሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሻገሩት። ኋላ ሄርቶ ላይ የተገኙትንና 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩትን የሆሞ ሳፒየንስ ራስ ቅሎች ለዓለም ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች አንዱ ሆኑ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድም እ.ኤ.አ. በ1990 በጂኦሎጂ ተመርቀው በዚሁ ሙዚየም ተቀጠሩ፤ ፈረንሳይ ዶክትሬታቸውን ሠርተው ሲመለሱ የራሳቸውን ቡድን ይዘው ወደ ዲኪካ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የቡድናቸው አባል ያገኛት ሕፃን ሰላም ተባለች። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ፊቷና ደረቷ በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ተውጠው ስለነበር ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም ዓይነት መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት መፋቅ ዓመታት ወሰደ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አለት እንዴት እንደሚጋገርና እንደሚሰነጠቅ ያልተማረ ሰው ይህን ትዕግሥት ከየት ያመጣዋል?

ከሁሉም የምወደው ግን የዮሐንስ ኃይለሥላሴን መንገድ ነው። ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1982 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት በታሪክ ነው፤ ነገሥታት፣ ጦርነት፣ የመሬት ይዞታ በሚጠናበት በታሪክ። የቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሆነው ከተመራማሪዎች ጋር ወደ አፋር ወረዱ፤ በረሃው ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአራሚስ መሬት ላይ ሁለት የእጅ አጥንት ስባሪዎች አዩ። አርዲ የተባለው የጥንት ሰው ዘር አጽም የተጀመረው ከእነዚያ ስባሪዎች ነው፤ ዕድሜው 4.4 ሚሊዮን ዓመት። ሙሉ ጥናቱ እስኪታተም 15 ዓመት ፈጀ። በመካከሉ የታሪክ ምሩቁ በርክሌይ ገብተው በሥነ ሕይወት ዶክትሬት ያዙ፤ ከዚያም በወራንሶ ሚሌ የራሳቸውን የጥናት ቦታ ከፈቱ።

እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ወራንሶ ሚሌ አንድ የአካባቢው ሰው፣ አሊ በሬይኖ፣ የላይኛው መንጋጋ ይዞ መጣ። ዮሐንስ ሰውየው አጥንቱን ያነሳበትን ቦታ በትክክል እንዲያሳያቸው አደረጉ፤ ቦታውም ምልክት ተደረገበት። የቀረው የራስ ቅል ከዚያ ጥቂት ሜትር ርቆ ተገኘ። አውስትራሎፒቴከስ አናሜንሲስ የተባለው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የጥንት ሰው ዘር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የታየው በዚህ ነው። ቦታውን መጠየቅ የማንኛውም ጥሩ ቆፋሪ ግዴታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን «ይህን ከየት አገኘኸው? ማን አየ? ምን አጠገብ ነበር?» የሚለው ጥያቄ የታሪክ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ነው። ምንጩ ያልታወቀ ደብዳቤ ለታሪክ ሰው እንደማይረባው ሁሉ፣ ከየት እንደተነሣ ያልታወቀ አጥንትም የሚናገረው ጥቂት ነው። ዮሐንስ ሙያ ቀየሩ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ የማየው ያንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት ወደ ሚሊዮን ዓመት የወሰዱትን ሰው ነው።

ይህ ጥያቄ የሚለመድበትን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። የስድስት ኪሎ የታሪክ ተማሪ ለመመረቅ የምርምር ጽሑፍ ማቅረብ ነበረበት። ብዙዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትውልድ አውራጃቸው ተመለሱ፤ ሽማግሌ ጠየቁ፣ የገዳም መዝገብ ገለበጡ፣ የከተማ አመሠራረት፣ የገበያ መንገድ፣ የባላባት ቤተሰብ ታሪክ ጻፉ። ጽሑፎቹ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ታዋቂ የታሪክ መጻሕፍት በግርጌ ማስታወሻቸው ይጠቅሷቸዋል። ያን ጊዜ የተጠየቁት ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም፤ ቃላቸው የቀረው እዚያ ነው። ጸሐፊዎቹ ደግሞ ገሚሱ መምህር፣ ገሚሱ የባንክ ሠራተኛ፣ ገሚሱ ነጋዴ ሆኗል። «በታሪክ ተመርቆ ባንክ ገባ» ተብሎ የታዘነለት ሰው፣ እሱ ሳያውቀው ስሙ በውጭ አገር በታተመ መጽሐፍ ግርጌ ላይ ሊኖር ይችላል።

   

ከተማሩበት ሙያ የወጡ ሌሎችንም በአጭሩ ልጥቀስ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጡ የዕፀዋት ሰው ነበሩ፤ በልውጥ ሕያዋን ደኅንነት ላይ የካርታኼናው ስምምነት ሲመከር ግን የአፍሪካን ወገን ይዘው የተከራከሩ ዋና ተደራዳሪ ሆኑ። ዕፀዋትን ያጠኑ ሰው ባይሆኑ ያን ክርክር አይችሉትም ነበር። መዓዛ አሸናፊ ሕግ ተማሩ፤ ከዳኝነት ወጥተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት መካከል ሆኑ፣ ባንክ በማቋቋም ተሳተፉ፣ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ወደ ችሎት ተመለሱ። በእውቀቱ ሥዩም ሳይኮሎጂ አጥንቶ ገጣሚና ወግ ጸሐፊ ሆነ፤ ስለ ሰው ጠባይ የሚጽፈውን ላነበበ ትምህርቱ የት እንደገባ ግልጽ ነው።

ታዋቂ ያልሆኑትም ዘንድ ያው ነው። በሰፈሬ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው በስታቲስቲክስ የተመረቀ ነው። ጾም ሲገባ ሽሮና በርበሬው ምን ያህል እንደሚጨምር፣ ክረምት ላይ ጤፉ መቼ እንደሚቀንስ ከዓመት ዓመት የመዘገበበት ደብተር አለው፤ የሠራተኛውን ተራ የሚያወጣው፣ ወንፊት የሚገዛው በዚያ ነው። እናቱ ግን ልጃቸው ቢሮ ባለመግባቱ እስከ ዛሬ ያዝናሉ። ደብተሩን እንዲያሳያቸው መክሬዋለሁ።

እርግጥ ነው፣ ሥራ አጥቶ የማይወደውን የያዘ ምሩቅ አለ። ሥራ አጥነት እውነተኛ ጉዳት ነው፤ በሚያማምር ቃል ሊሸፈን አይገባም። በውጭ አገር ዲግሪው ዕውቅና አጥቶ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ መሐንዲስን «ምንም አልጎደለህም» ማለት ድፍረት ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ትምህርት ያልጠቀመውን ሰው ከትምህርት ክፍሉ ከወጣ ሰው ለይተን እንወቅ። ሁለቱን አንድ አድርገን ከንፈር ስንመጥ ዮሐንስን በታሪክ መዝገብ ቤት፣ ተወልደን በቤተ ሙከራ ልናስቀር ነበር።

ስለዚህ ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎ ለወጣችሁ ሁሉ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። የሄዳችሁበትን መንገድ በሁለት ገጽ ጻፉና ለትምህርት ክፍላችሁ ስጡ፤ ምን ተማራችሁ፣ ምን ሠራችሁ፣ የተማራችሁት በሥራችሁ የትኛው ቦታ ላይ አገለገለ። ወፍጮ ቤትም ቢሆን ጻፉት። ትምህርት ክፍሎችም ወረቀቱን እንደ መመረቂያ ጽሑፉ ቁጥር ሰጥተው ያስቀምጡት። አዲስ ገቢ ተማሪ ትምህርት ክፍሉን ከመምረጡ በፊት ሊያነበው የሚገባ ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም።