ተዋናይቱ ሩት ነጋ እና የአንዲት እናት ጥያቄ

በሸጎሌ፣ የከተማ አውቶቡሶች ከሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ብዙም በማይርቅ መንደር የሚኖሩ አንዲት እናት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ እኛ ቀረቡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «መምህር፣ ልጄ የፊልም ተዋናይት እሆናለሁ ብላ ተነሥታለች። አባቷም፣ ‹አዝማሪ ልትሆኚ ነውን?› ብሎ ተቈጣ። እኔ በመካከላቸው ተጨንቄአለሁ። ነገሩ ኀጢአት ነውን?»

ለዚህ ጥያቄ ፈጥነን መልስ ለመስጠት አልቻልንም። በልጅነታችን ዳዊት ደግመን በዲቁና ያገለገልን፣ በኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምረን ለመምህርነት የበቃን በመሆናችን፣ ሁለቱ ትምህርቶች በዚህ ነገር በልቡናችን ውስጥ ይከራከራሉ። በቄስ ትምህርት ቤት ዘፈንና ጨዋታ እንዴት ይነቀፉ እንደ ነበር አልረሳነውም። በሌላ በኩል ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቻችን በሚያሳዩት ቴያትር፣ በክፍል ውስጥ ስሟን እንኳ ለመጥራት የምታፍረው ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትናገር በዐይናችን አይተናል። ስለዚህ የአንዲት ተዋናይት ሕይወት መርምረን እንመለሳለን ብለን ከእናቲቱ ቀጠሮ ወሰድን። የመረጥናትም በዚሁ በከተማችን የተወለደችውን ሩት ነጋን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሩት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር ነጋ፣ እናቷ ኖራ ደግሞ ከአየርላንድ የመጡ ነርስ ነበሩ። ሕፃኒቱ አራት ዓመት ሲሆናት ወደ እናቷ አገር ተወሰደች። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ሞቱ። ወንድምም እኅትም አልነበራትም። በአየርላንድ ሊምሪክ በምትባል ከተማ፣ መልኳን የሚመስል ሰው እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ አደገች። ስሟን ፈረንጆቹ በፊደላቸው ሲጽፉት ምንም ትርጉም አይሰጣቸውም። እኛ ግን «ነጋ» ሲባል ሰምተን በሩን እንከፍታለን። የመጀመሪያ ስሟም ቢሆን አገሯን ትታ አማቷን ኑኃሚንን በተከተለችው በሞዓባዊቷ ሩት የተጠራ ነው።

ሩት ወደ ሙያው የገባችው በዕድል ወይም በመልክ ማማር ብቻ አይደለም። በ1592 በተመሠረተው በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወናን ተምራ ተመርቃለች። ይህንን ለእናቲቱ ስንነግራቸው፣ «እንዲህ ያለውም ነገር በኮሌጅ ይማሩታልን?» ብለው እጅግ ተደነቁ። አዎን፣ እንደ ሕግና እንደ ሕክምና ሁሉ ይማሩታል። ድምፅን መግራት፣ አካሄድን ማስተካከል፣ የሌላውን ሰው አነጋገር መቅሰም፣ ረጅም ቃል በልብ መያዝ አለበት። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ድካሙን በቀላሉ ይገምተዋል።

በ2005 የአየርላንዱ የፊልም አዘጋጅ ኒል ጆርዳን «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» በተባለው ፊልሙ እንድትሠራለት ፈልጎ፣ ለእርሷ እንዲስማማ ብሎ ድርሰቱን እስከ መለወጥ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት የማይባሉ ዓመታት በትንንሽ ክፍሎችና በመድረክ ላይ አሳልፋለች። በ2009 በለንደን ብሔራዊ ቴያትር ከታዋቂዋ ከሄለን ሚረን ጋር «ፌድር» በተባለው ተውኔት ተጫወተች። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቴያትር በሐምሌት ውስጥ ኦፌልያን ሆነች። በ2018 ደግሞ በደብሊን በጌት ቴያትር ራሱን ልዑሉን ሐምሌትን ሆና ቀረበች። ይህ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት ሐምሌት መሆኑ ነው። ሴት የወንዱን ክፍል መያዟ እንግዳ ነገር የሚመስለን ካለን፣ በጥንቱ የአገራችን መድረክ የሴቶቹን ክፍል ወንዶች ይጫወቱት እንደ ነበር እናስታውስ።

ከሥራዎቿ ሁሉ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የሚቀርበው በ2016 የወጣው «ላቪንግ» ነው፤ አዘጋጁም ጄፍ ኒኮልስ ይባላል። ታሪኩ በእውነት የተፈጸመ ነው። በቨርጂንያ ግዛት ሪቻርድ ላቪንግ የተባለ ነጭ ግንበኛ፣ ከጥቁርና ከአሜሪካ ነባር ሕዝብ የምትወለድ ሚልድሬድ ጂተር የተባለች ልጃገረድ ወደደ። የግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ስለሚከለክል በጁን 1958 ወደ ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፖሊሶች በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገብተው ያዟቸው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጋብቻ ወረቀት አላዳናቸውም። በ1959 የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱም የታገደላቸው ለ25 ዓመት አብረው ወደ ቨርጂንያ እንዳይመለሱ በሚል ግዴታ ነው።

ሚልድሬድ በ1963 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች፤ በዚህም ምክንያት ሁለት ወጣት ጠበቆች ነገሩን ያዙላት። የፈረደባቸው ዳኛ ግን በ1965 ፍርዱን አልለውጥም ሲል፣ እግዚአብሔር የሰውን ዘሮች በየክፍለ ዓለሙ ለያይቶ ማስቀመጡ እንዳይደባለቁ ፈልጎ ነው ብሎ ጻፈ። የፈጣሪን ስም እንዲህ ላለው ነገር መጥራቱ እጅግ አሳዘነን። ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት ባገባ ጊዜ ያጕረመረመችው ማርያም እኅቱ በለምጽ መመታቷን በኦሪት ዘኍልቍ የማያነብ የሰንበት ተማሪ በእኛ ዘንድ አይገኝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙ ዳኞች ጁን 12 ቀን 1967 በአንድ ድምፅ ሕጉን ሻሩት። ባልና ሚስቱ ወደ ቨርጂንያ ተመልሰው ሲኖሩ፣ ሪቻርድ በ1975 በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሚልድሬድ በ2008 ዐረፈች።

ሩት ሚልድሬድን በሕይወት ሳለች አላገኘቻትም። ስለ ባልና ሚስቱ ከተሠራው ዘጋቢ ፊልም አነጋገሯንና ዝምታዋን አጠናች። በፊልሙም ውስጥ ብዙ አትናገርም። ፖሊሶቹ ሲያስፈራሯት ዐይኗን ዝቅ ታደርጋለች፤ ጠበቃው በስልክ ሲያነጋግራት በጥቂት ቃል ትመልሳለች፤ ደስታዋም ኀዘኗም በፊቷ ላይ ብቻ ይነበባል። እናቶቻችን በልቅሶ ቤት የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ዝም ሲሉ ያየ ሰው፣ ይህን ለማድረግ ምን ያህል ኀይል እንደሚያስፈልግ ያውቃል። በአዲስ አበባ ተወልዳ በአየርላንድ ያደገች ሴት፣ የቨርጂንያን ገጠር ሴት ይህን ያህል መስላ መታየቷ ያስገርማል። በ2017 በዚህ ሥራ ለኦስካር ሽልማት ከታጩት አምስት ተዋናዮች አንዷ ሆነች። ሽልማቱን ኤማ ስቶን ወሰደች።

ያን ጊዜ ብዙዎቻችን «የእኛ ልጅ» እያልን አወራን። የእኛ መሆኗ እውነት ነው። ሆኖም ያስተማራት የአየርላንድ ኮሌጅ፣ ያሳደገቻት እናት ናት፤ እኛ ከልደቷና ከስሟ በቀር የምንቈጥረው ነገር ጥቂት ነው።

የሠራችውን ሁሉ እናመሰግናለን ማለታችን አይደለም። ከ2016 እስከ 2019 ድረስ የተጫወተችበት «ፕሪቸር» የተባለው ተከታታይ ፊልም፣ ስሙ ሰባኪ ማለት ሲሆን፣ ደም የበዛበትና በቅዱስ ነገር የሚያፌዝ ነውና ለቤታችን አይሆንም። ይህንንም ለእናቲቱ አልሸሸግንም። በ2021 የወጣው «ፓሲንግ» ግን የሚያነጋግር ነው። በዚያ ፊልም ሩት ጥቁር ዘሯን ከነጭ ባሏ ሸሽጋ የምትኖር ክሌር የተባለች ሴት ሆና ትታያለች። በ«ላቪንግ» ጋብቻው በእውነት ቆሞ ሕግ አሳደደው፤ እዚህ ደግሞ ሕግ ሳይነካው ሐሰት ከውስጥ በላው።

ለጥያቄአቸው የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። ኀጢአቱ በሙያው ስም ላይ ሳይሆን በሚመረጠው ሥራ ላይ ይታያል፤ ልጅቱም አስቀድማ ትምህርቷን ትጨርስ፤ ሙያውን ከፈለገች እንደ ሙያ ትማረው፤ የምትይዘውን ክፍል ግን ከመቀበሏ በፊት ታንብበው አልን። አባትየው በዚህ አልረኩም። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤታቸው ተሰብስበን፣ ልጅቱ ንግግሩን እየተረጐመችልን «ላቪንግ»ን አየን። ፖሊሶቹ በሌሊት በሩን ሰብረው ሲገቡ አባትየው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና፣ «ወረቀቱ ተሰቅሎ የለምን? ተጋብተዋል እኮ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ቃል አልተናገሩም።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጅቱ ቡና ለማቅረብ ተነሣች። እናቲቱ ወደ እኛ መለስ ብለው፣ «አባቷ ይህን አይተውላታልን?» ሲሉ ጠየቁ። እርሷ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች መሞታቸውን ነገርናቸው። «ነፍሳቸውን ይማር» አሉና አማተቡ። አባትየውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሜን» አሉ።