ካይሮ፦ የመጀመሪያው ቀን

ብዙዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ከሚሏት ከጭሮ ተነሥተን ለትምህርት ካይሮ ስንገባ ሁለት ነበርን። በሬ ተሽጦ የተላክን ልጆች ነን። አጅሩሚያን ቀርተናልና አረብኛው አላሳሰበንም፤ ያሳሰበን የኪሳችን መሳሳት ነበር።

ፈጅርን ሰግደን ዳቦ ፍለጋ ወጣን። ባለ ሱቁን «ኹብዝ» ብንለው ፈገግ አለ። ለካ ካይሮዎች ዳቦን «ዓይሽ» ነው የሚሉት፤ ኑሮ፣ ሕይወት እንደማለት ነው። «ጃሚዕ አል-አዝሀር በየት በኩል ነው?» ስንለው ደግሞ «ጋሚዕ» ብሎ አረመን። ጂምን «ገ» ያደርጓታል። ኡስታዛችን በስንት ልምጭ ያቀኑልንን ፊደል ካይሮ በአንድ ማለዳ አጣመመችው! ደንግጠን ዳቦውን ሳንገዛ ወጣን። (መድረሳችን ኪታብ እንጂ ገበያ አላስቀራንም፤ ዛሬ መምህራን ሆነን ይህን ሳንነግር ተማሪ አንሸኝም።)

በ972 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ሶላት የተሰገደበት አል-አዝሀር ስንደርስ ርቦን፣ አፍረንም ነበር። አንድ ሽማግሌ አገራችንን ጠየቁን። «ሐበሻ» አልን።

«ጀበርቲ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

ቀድሞ የአል-አዝሀር ተማሪ በየአገሩ ሪዋቅ ነበረው፤ ከእኛ ወገን የሚሄዱት በጀበርቲዎች ሪዋቅ ያድሩ ነበር። የናፖሊዮንን የ1798 ወረራ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጉ ከዘይላ አካባቢ፣ ከጀበርት ምድር ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያወጉን ረሃቡን ረሳነው።

ማታ ስንመለስ ባለ ሱቁ አፋችንን ሳንከፍት፣ «ዓይሽ?» አለን።